የበዓል ብር ሲጠቁር

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ስለ ልብስ ይነገር እንጂ፣ ለበዓሉ የሚዘጋጀው ልብስ ብቻ አይደለም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ከመውረዳቸው አስቀድሞ፣ ከየካ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉ ብዙ ቤቶች የብር የአንገት መስቀሉ፣ ድሪው፣ ለእንግዳ ተብሎ በሣጥን የኖረው የብር ማንኪያና ሹካ ወጥቶ ይወለወላል። ጥር 12 ቀን የካ ሚካኤልን በዕልልታ አጅቦ የሚመለሰው ምዕመን ወደ ተሰናዳ ገበታ ይገባልና።

ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። በአየር ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ከብሩ ገጽ ጋር ሲዋሐድ ጥቁር ሽፋን ይፈጥራል። የበዓሉ ወጥም ከዚህ አያመልጥም፤ የዶሮ ወጡ ዕንቁላልና ሽንኩርት ድኝ አዘል በመሆናቸው፣ ሳይታጠብ ያደረ የብር ማንኪያ ጠቁሮ ይገኛል።

በአገራችን ብዙ የብር ጌጣጌጥ የተሠራው ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ በአመድ ወይም በአሸዋ መፈተግ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ብሩንም ይልጣል፤ በየዓመቱ ሲደጋገምም የአንጥረኛው ቅርጽ ይደበዝዛል። በብር የተለበጠ ማንኪያ ከሆነ ውስጡ ያለው ሌላ ማዕድን ብቅ ይላል።

ከሁሉ የከፋው በረኪና ነው። ልብስ ያነጣል ተብሎ ብር ቢነከርበት ያጠቁረዋል፤ የማይዝገውን ብረት እንኳ ይቦረቡረዋል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያስነሣል። በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ይህ የሰው ሕይወት አደጋ ነው።

የተሻለው መላ ከባልትና ዕቃ መካከል የሚገኘው ቤኪንግ ሶዳ ነው። በጎድጓዳ ሣህን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል ይነጠፋል፤ ብሩ ፎይሉን እንዲነካ ሆኖ ይቀመጣል። ለአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ተበጥብጦ ይፈስስበታል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ድኙ ብሩን ለቅቆ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩም ሳይፈተግ በቦታው ይቀራል። የተበላሸ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ ቢሰማ የሚወጣው ድኝ ነውና መስኮት መክፈት ይበቃል። እንጦጦን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ለሥራው ከበቂ በላይ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲድ ስለተቀላቀለበት ሶዳውን አይተካም።

ይህ መላ ለሁሉም ዕቃ አይሆንም። ፈርጥ ያለበት፣ በወርቅ የተለበጠ፣ እጀታው በማጣበቂያ የተያያዘ ወይም ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ተብሎ የጠቆረ ዕቃ መነከር የለበትም፤ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። ጥንታዊ ንዋየ ቅድሳትማ የባለሙያ ድርሻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም በሙዚየሟ የዘመኑን ቅርስ ጠብቃ ይዛለች፤ በእንዲህ ያለ ቅርስ ላይ የዘመን ጥላ ራሱ ታሪክ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ብሩን ወዲያው አጥቦ፣ አድርቆ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይገባል። በጎማ ማሰሪያ ማሰር ግን አይገባም፤ ጎማም ድኝ አለበት። እናት ለልጇ የምታወርሰው መስቀል እንደ ደመቀ እንዲኖር የሚያደርገው ይህ ጥቂት ጥንቃቄ ነው።

መልካም የጥምቀት በዓል!