የሌላ ማሳ ዘር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ጋቢው ይከብደዋል፤ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ወርዷልና። ጦሳ ተራራ ሥር ገብሱ ያምራል፣ ታች ቃሉ ወረዳ ላይ ማሽላው። ዘር ያለ መሬቱ እንደማይሆን ለወሎ ገበሬ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ስቴፈን ፔጄት በ1889 እ.ኤ.አ. ስለ ካንሰር ያለው ይህንኑ ነው። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዛግብት ሲያገላብጥ በሽታው ጉበትን ደጋግሞ ሲያጠቃ ጣፊያን ግን እምብዛም እንደማይነካ አየ። ደም ለሁለቱም ይደርሳል፤ ዘሩ ግን የሚይዘው በሚስማማው መሬት ነው።

ጉዱ መሬቱ ራሱ ዕጢ ሲሆን ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ቤረንት የተባለ ሐኪም የመንጋጋ ካንሰር በኩላሊት ካንሰር ውስጥ ተዘርቶ ማግኘቱን ጻፈ። ከዚያ ወዲህም እንግዳ ተቀባይ ሆነው የሚገኙት በተለይ የኩላሊት ካንሰርና ሜኒንጂዮማ የሚባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ናቸው፤ እንግዶቹ ደግሞ በብዛት ከሳንባና ከጡት ይነሳሉ። ኩላሊት ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል ያገኛል፤ ካንሰሩም በደም ሥር የተጥለቀለቀ፣ በስብና በስኳር ክምችት የጠገበ ነው። ሜኒንጂዮማ ደግሞ ቀስ ብሎ ለዓመታት ስለሚያድግ በሩ ለረጅም ጊዜ ክፍት ነው። ደም ብቻ ቢበቃ ኖሮ ግን ጤነኛው ኩላሊትም በተወረረ ነበር።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ናሙናው በሰም ተይዞ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ተቆርጦ ሐምራዊና ሮዝ ይቀባል። በዝግጅቱ ስቡ ስለሚሟሟ የኩላሊት ካንሰር ሕዋሳት ባዶ ክፍል መስለው ነጭ ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ጠቋቁረው የተሰባሰቡት እንግዶቹ ናቸው። ሁለት ዕጢዎች እንደ ጎረቤት ማሳዎች ድንበር ላይ ተጋፍተው ቢገኙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንግዳው በሰው ማሳ መሃል መብቀል አለበት።

ችግሩ ናሙና የምትወስደው መርፌ የምትነካው አንዱን ጥግ ብቻ መሆኑ ነው። የሕዋስን መነሻ የሚለዩ ልዩ ቀለሞችም በየከተማው አይገኙም። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ ናሙና አብሮት የሚሄደው ወረቀት ላይ «ከዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ታክማለች» የሚል አንድ መስመር ከሌለበት፣ ፓቶሎጂስቱ ሜኒንጂዮማ አይቶ ሊያበቃ ይችላል።