በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስንት ዓሣ ይኑር?

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ በቤት ውስጥ ሲዋኝ ማየት ዓይንን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ገንዳውን ገዝቶ ውሃ የሞላ ሰው ስንት ዓሣ ላግባ ብሎ ሲያስብ፥ መልሱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ነው። ባዶ ሥፍራ ባየ ቍጥር አንድ ይጨምራል። ጥቂት ሳምንታት ሳይቈዩ ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ፤ ቀጥሎም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ባለቤቱም ሻጩን ይወቅሳል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ገደማ በሎንዶን ከተማ ይኖር የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን፥ በአንድ ሰፊ የመስተዋት ዕቃ የውሃ ተክል ተክሎ ያስገባው ዓሣ ሁለት ብቻ ነበር፤ እነርሱም ትንንሾች። ይህም ሆኖ የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ስላደፈረሰው፥ ብስባሹን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረና ውሃው ጠራ። ሊቁ ለሁለት ዓሣ ይህን ያህል ከተጨነቀ፥ በአንድ ቀን ሃያ የሚያስገባው ሰው ድፍረቱ የሚያስደንቅ ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞንያ የተባለውን መርዝ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይለቃል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚራቡት ባክቴርያ የተባሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ደግሞ ባለቤቱ ከውሃው ከፊሉን በየጊዜው በመለወጥ ያስወግደዋል። ተሕዋስያኑ በበቂ እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ቍጥሩን የሚወስነው የሥፍራው ባዶነት ሳይሆን፥ እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች ሊያጸዱት የሚችሉት የቈሻሻ ልክ ነው።

ለአንድ ሴንቲሜትር የዓሣ ርዝመት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል የሚል የቈየ ደንብ አለ። ለትንንሽ ዓሣ ያገለግላል፤ ለትልቅ ግን ያሳስታል። በዚህ ደንብ አንድ ባለ 12 ሴንቲሜትር ዓሣ ከአራት ባለ 3 ሴንቲሜትር ዓሣዎች ጋር እኩል ይቈጠራል። ነገር ግን መልካቸው አንድ ዓይነት ቢሆን፥ ትልቁ በርዝመት ብቻ ሳይሆን በወርድና በውፍረትም አራት እጥፍ ስለሆነ፥ ክብደቱ የአንዱን ትንሽ ዓሣ 64 እጥፍ፥ የአራቱን በአንድነት 16 እጥፍ ይሆናል። የሚበላውና የሚያቈሽሸውም ከአራቱ እጅግ የበለጠ ነው። ሌላው ስሕተት ዓሣውን በተገዛበት ቀን ርዝመት መለካት ነው። በጣት ልክ የተሸጠው ወርቃማ ዓሣ አድጎ ከ20 ሴንቲሜትር ሊያልፍ፥ ከ10 ዓመትም በላይ ሊኖር ይችላል። እርሱን በትንሽ ክብ ብርጭቆ ማኖር የተለመደ ቢሆንም ጭካኔ ነው።

ሙቀትም ሒሳቡን ይለውጠዋል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ከ8 ያነሰ ነው፤ የዓሣው ፍላጎት ግን በሙቀት ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ እንደ ምፅዋ ባለ የቆላ ወደብ የሚኖር ሰው ከደገኛው ይልቅ ቍጥሩን ማሳነስ ይገባዋል። የባሕር ውሃ ደግሞ ከጨዋማነቱ የተነሣ ከዚህም ያነሰ ይይዛል። አየር የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነም፥ ረጅምና ጠባብ ከሆነው ገንዳ ሰፊው ይመረጣል።

ቍጥር ማሳነስም ቢሆን ወሰን አለው፤ ኒዮን ቴትራን የመሰሉ በመንጋ የሚኖሩ ዓሣዎች ከስድስት ካነሱ ይፈራሉ። ባለ 60 ሊትር ገንዳ ያለው ሰው፥ ውሃው ከተዘጋጀ በኋላ በስድስት ትንንሾች ይጀምር፤ አሞንያውንና ናይትራይቱን በመመርመሪያ እየለካ፥ ሁለቱም ባዶ ሆነው ከቈዩ ከአንድ ወር በኋላ ሦስት ወይም አራት ይጨምር።