ንግሥት በንግሥት፦ መቼ ይለወጣል?

ቼዝ ላይ አንድ ፈረስ በነጻ የበላ ተጫዋች ወዲያው ዓይኑ ንግሥቶቹ ላይ ያርፋል። ይለውጥ ወይስ ይተው? ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ብልጫ ካለህ ለውጥ። ሒሳቡም ይደግፈዋል። በተለመደው አቆጣጠር ንግሥት 9፣ ሩክ 5፣ ቢሾፕና ፈረስ 3፣ ወታደር 1 ነጥብ ያወጣሉ፤ ንጉሡ ሳይቆጠር እያንዳንዱ ወገን በ39 ይጀምራል። 39 ለ36 መምራት ብዙም አያስፈራም። ትልልቆቹ ተበላልተው 5 ለ2 ሲቀር ግን ያቺው ፈረስ ሜዳውን ብቻዋን ትገዛለች።

ሌላም ምክንያት አለ። የተመራ ሰው የመጨረሻ ተስፋው ንግሥቱ ናት፤ የተጋለጠ ንጉሥ ካገኘች በማያባራ ቼክ ታሯሩጠዋለች፣ ያው አቋም ሦስት ጊዜ ሲደገምም ጨዋታው አቻ ይወጣል። በነገራችን ላይ ሰንጠረዥ በሚባለው በቀድሞው የአገራችን ቼዝ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚሄደው።

ምክሩን በጭፍን የሚከተል ግን ድሉን ከእጁ ይጥላል። ከመለወጥ በፊት የሚቆጠረው የሚሄደው ሳይሆን የሚቀረው ነው። ብልጫህ አንድ ወታደር ብቻ ከሆነና ከለውጡ በኋላ ሩክ ከሩክ ጋር ከቀረ፣ ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ1777 ያሳተመው መከላከያ ይጠብቅሃል። ተከላካዩ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት፣ ሩኩን ከራሱ ጠርዝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያቆማል። ወታደሩ ወደዚያ ረድፍ ሲገባ ሩኩ ወደ ማዶው ጠርዝ ይወርድና ንጉሥህን ከኋላ በቼክ ያሳድዳል። አቻ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቢሾፕና የጠርዝ ወታደር ነገር ነው፤ ወታደሩ ንግሥት የሚሆንበት ቤት ቢሾፑ ከሚሄድበት ቀለም ውጪ ከሆነና ባላንጣህ ንጉሡን እዚያ ጥግ ካስገባ፣ 4 ለዜሮ እየመራህ ማሸነፍ አትችልም። ስለዚህ ትልልቆቹን ለውጥ፣ ወታደሮችህን ግን ቆጥብ። የተመራው በተቃራኒው ወታደር በወታደር እያባላ ሰሌዳውን ማራቆት ይፈልጋል።

ንግሥትህ የባላንጣህን ንጉሥ እያስጨነቀች ከሆነም ለውጥን እርሳ፤ ማት ካለ ነጥብ መቁጠር ምን ያደርጋል?

ለእኔ ትልቁ ጥበብ ቸኩሎ አለመብላት ነው። ንግሥትህን በሌላ የተጠበቀች አድርገህ ከባላንጣህ ንግሥት ፊት አቁማት። ቢበላ የምትፈልገው ለውጥ ሆነ፤ መለወጥ ካልፈለገ ደግሞ መሸሽ አለበትና፣ የያዘውን መስመር በነጻ ይለቅልሃል።