በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?



አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች ከምትልኩልን ዕርዳታ መካከል የፀሐይ መከላከያ ቅባት አንዱ ነው። ስለ ልግስናችሁ ጌታን እናመሰግናለን። ቅባቱን የሚልኩልን ምዕመናንም ሆኑ በየጣቢያው የሚያድሉት ሠራተኞቻችን በቱቦው ላይ ስለ ተጻፈው ቁጥር ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ በዚህ እትም ነገሩን ዘርዘር አድርገን ልናስረዳ ወደናል።

ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር አልቢኒዝም ባለበት ሰው አካል ውስጥ ጥቂት ነው፣ ወይም ጨርሶ የለም። ሜላኒን ፈጣሪ ለቆዳ የሰጠው ጥላ ነው። ይህ ጥላ የሌለው ልጅ፣ ጓደኞቹ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲጠብቁ በሚውሉበት ፀሐይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ቃጠሎው ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ገና በወጣትነቱ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣበት ይችላል። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራልና የደጋው ቀዝቃዛ አየር ማንንም ማታለል የለበትም። ብርዱ ጨረሩን አያስቀረውም።

ኤስ ፒ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ቆዳን ከሚያቀላው ጨረር ስንት እጅ ሾልኮ እንደሚገባ ይነግረናል። 15 ቢሆን ከአሥራ አምስት አንድ እጅ ይገባል፤ 30 ቢሆን ከሠላሳ አንድ፤ 50 ቢሆን ከሃምሳ አንድ። በሌላ አነጋገር 15 ቁጥር በመቶ 93 ያህሉን፣ 30 ቁጥር 97 ያህሉን፣ 50 ቁጥር 98 ያህሉን ይከለክላል። ታዲያ ልዩነቱ ትንሽ ነው ለምን እንጨነቃለን የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን 30 ቁጥር የሚያስገባው ጨረር 15 ቁጥር ከሚያስገባው ግማሹን ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከ30 በታች የሆነውን አትላኩልን። ደግሞም ቁጥሩ የሰዓት ወይም የደቂቃ ቁጥር አይደለም። የትኛውም ቁጥር ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ወይም ውኃ ካጠበውም ወዲያውኑ መደገም አለበት።

ይኸው ቁጥር በይበልጥ የሚናገረው ቆዳን ስለሚያቀላው ጨረር፣ ስለ ዩ ቪ ቢ ነው። ጠልቆ ስለሚገባው ስለ ዩ ቪ ኤ ለማወቅ በአውሮፓ ቱቦዎች ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈውን «ዩ ቪ ኤ»፣ በአሜሪካኖቹ ላይ ደግሞ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚለውን ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቁጥሩ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ ሁለት ሚሊ ግራም ቅባት ተቀብቶ ነው። ይህም ለአንድ ትልቅ ሰው ፊት፣ ጆሮና አንገት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለእያንዳንዱ ክንድም አንድ አንድ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከተቀባ አንድ 100 ሚሊ ሊትር ቱቦ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም! እኛ ግን ለአንድ ልጅ አንድ ቱቦ ሰጥተን ለወራት ይበቃዋል ብለን ነበር። አንዲት እናት ቱቦው እንዳያልቅባት ስትሳሳ ለልጅዋ የጥፍር ያህል እየቀባች፣ ያውም እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ ብቻ፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ግማሹን እንዳለ አሳየችን። እርስዋ ያለ አግባብ የሠራችው የለም፤ ስሕተቱ በሚገባ ያላስረዳነው የእኛ ነው። በስሱ የተቀባ 30 ቁጥር የ30 ቁጥር ጥበቃ አይሰጥምና።

በዚህም ምክንያት የአሠራራችንን ቅደም ተከተል ለውጠናል። መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ቅባቱ ልብስ ለማይሸፍነው ቦታ። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለለበሰ ልጅ ፊቱ፣ አንገቱና የእጁ ጀርባ ብቻ ስለሚቀሩ ያው ቱቦ ከእጥፍ በላይ ይቆያል። ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ነጠላ ለክብር እንጂ ለፀሐይ አይበቃም፤ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብትመለከቱት ታዩታላችሁ። ከፊት ብቻ ክንፍ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ያጋልጣል፤ ዙሪያውን ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ ይሻላል። ቅቤና ቫዝሊንም ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይን አይከለክሉም። የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ያነበበ ሰው የጥላን ዋጋ ያውቃል። እረኝነትም ሆነ የእርሻ ሥራ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባይሆን መልካም ነው፤ ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት፣ ከቁመቱ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች።

ለሠራተኞቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የእነዚህ ልጆች ዓይን ስለሚደክም በቱቦው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት አንብባችሁ አስረዱአቸው። በአንድ ወር ውስጥ የማይድን ቁስል ወይም እየደማ የሚመለስ ቅርፊት ያየ ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላክ። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ሁለተኛ፣ በቱቦው ላይ የታተመው ማብቂያ ዓመት የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 2026 የሚለውን አይቶ በእኛ አቆጣጠር ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ አለ፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ቅባቱንም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ወይም በመኪና ውስጥ አታቆዩት።

በውጭ አገር ያላችሁ ምዕመናን በበጋው ማብቂያ በርካሽ የሚሸጠውን ስትገዙ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መሆኑን አረጋግጡልን። ለአምስት ቱቦ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ካለም ሁለት ቱቦ፣ አንድ ባርኔጣና አንድ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ቢሆን እንመርጣለን። የልጁን ዕድሜ ከሸሚዙ ጋር ጻፉ፤ ባለፈው የመጡት ሸሚዞች ብዙዎቹ ለሕፃናት የሚሆኑ ነበሩ።