ሰኔ እና ሰኞ ሲገጥሙ፦ ከቀኑ ይልቅ ሰማዩን መጠየቅ

ባሕር ዳር፦ ግንቦት 26/2018 ዓ.ም

የፊታችን ሰኞ ሰኔ 1 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ለከተማ ነዋሪ ይህ ተራ የቀን ቆጠራ ሊሆን ይችላል። በገጠር ላደገ ሰው ግን የወሩ መባቻ እና የሳምንቱ መጀመሪያ መግጠማቸው ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። "ሰኔ እና ሰኞ" መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የሚነገር አባባል ነው፤ ሁለቱ የገጠሙበት ዓመትም ዝናብ የሚጓደልበት፣ በሽታ እና ሁከት የሚበዛበት ነው ተብሎ ሲፈራ ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ከላይ ጋይንት ደወለልኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ደመናው ከተጠያየቅን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘንድሮ ሰኔ ሰኞ ይገባል ይላሉ፤ እውነት ነው? አንዱን በሬ ሳይከሳ ብንሸጠው ምን ትያለሽ ልጄ?" አለኝ። ጥያቄው የአባቴ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት በርካታ አርሶ አደሮች ዘር እና ማዳበሪያ ለመግዛት፣ በሬ ለማቆየት ወይም ለመሸጥ በሚወስኑበት ሰዓት ይህ አባባል ጆሯቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ ቀኑ እንዴት እንደሚመጣ፣ ያለፉት ዓመታት ምን እንደሚያሳዩ እና ዝናቡን በእርግጥ የሚወስነው ምን እንደሆነ መመርመሩ ተገቢ ነው።

ቀኑ እንዴት ይገጥማል?

ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ድረስ ዘጠኝ ወራት፣ ማለትም 270 ቀናት አሉ። 270 ለሰባት ሲካፈል አራት ይተርፋል። ስለዚህ ሰኔ 1 ሁልጊዜም መስከረም 1 ከዋለበት ዕለት አራት ቀን አልፎ ይገኛል። ዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ፤ ከሐሙስ አራት ቀን ሲቆጠር ሰኞ ይሆናል። ሰኔ እና ሰኞ እንደሚገጥሙ የታወቀው ገና ዓመቱ ሲገባ ነበር ማለት ነው።

በባሕረ ሐሳብ ስሌት ማንም ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ለ2018 ይህ 7518 ነው። 7518 ለአራት ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1879 ይሆናል፤ ትራፊው ሁለት መሆኑም ዘመኑ ማርቆስ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለቱ ሲደመሩ 9397 ይሆናሉ። ይህ ለሰባት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሦስት ከተረፈ መስከረም 1 ሐሙስ ነው። እንግዲህ ሦስት በተረፈ ቁጥር ሰኔ ሰኞ ይገባል።

በዚህ ስሌት ሰኔ እና ሰኞ በየ28 ዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ይገጥማሉ። በቅርብ የምናስታውሳቸው 1979፣ 1984፣ 1990፣ 2001፣ 2007 እና 2012 ዓ.ም ናቸው። ከዘንድሮ በኋላ የሚቀጥለው 2029 ዓ.ም ይሆናል። በአማካይ ከሰባት ዓመት አንዱ ነው። ይህም ከማክሰኞ፣ ከረቡዕ ወይም ከዓርብ ድርሻ የበለጠም ያነሰም አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕለት በ28 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሰኔን ያስገባል።

የክፉ ዓመታት መዝገብ ምን ይላል?

አባባሉ እውነት ከሆነ የሀገራችን ታላላቅ የመከራ ዓመታት በሰኔ እና ሰኞ መጀመር ነበረባቸው። አያቶቻችን "ክፉ ቀን" ብለው የሚጠሩት ረኃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀ ነው። "ደስታ" የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ጨርሶ መሬት ጦም እንዲያድር ያደረገው፣ ድርቅ እና አንበጣ የተከተሉት በዚያ ጊዜ ነው። ስሌቱን ወደ ኋላ ስንወስደው ከእነዚህ አምስት ዓመታት በአንዱም ሰኔ ሰኞ አልገባም።

የወሎን ሕዝብ የፈጀው የ1965 እና 1966 ዓ.ም ረኃብ መነሻው በ1964 ዓ.ም ክረምት የዝናቡ መጓደል ነበር። የዚያ ዓመት ሰኔ የገባው ሐሙስ ነው፤ የ1965 ሰኔ ደግሞ ዓርብ ገባ። ወሎን እና ትግራይን ለ1977 ዓ.ም እልቂት የዳረገው የ1976 ክረምትም የጀመረው ዓርብ ነበር። የሀገራችንን ሦስት ታላላቅ ረኃቦች ሰኔ እና ሰኞ አልነገረንም።

በሌላ በኩል ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰኔ ሰኞ በገባባቸው በ1979 እና በ2007 ዓ.ም በእርግጥ ድርቅ ነበር። የ2007ቱን እኔም አስታውሰዋለሁ፤ ልጅ ነበርሁ፣ ገብሱ ሳይዘልቅ ሐምሌ ላይ ደርቆ አይቻለሁ። ያ ድርቅ በሀገር አቀፍ ደረጃ 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ድጋፍ ፈላጊ አድርጓል። በአንጻሩ በ1990 ዓ.ም ሰኔ ሰኞ ገብቶ ክረምቱ ሞልቶ ዘነበ፤ ዓባይ ከልኩ አልፎ ሱዳንን አጥለቀለቀ። በ2012 ዓ.ምም ሰኔ ሰኞ ገብቶ ዝናቡ ከመብዛቱ የተነሣ አዋሽ ሞልቶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል።

ታዲያ ሁለቱን ድርቀት፣ ሁለቱን ጎርፍ ያደረጋቸው ምንድን ነው? መልሱ ያለው ከዕለቱ ስም ሳይሆን ከውቅያኖስ ነው።

ክረምትን የሚያመጣው

በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ንፍቀ ክበብ ታዘነብላለች፤ ረጅሙ ቀንም ሰኔ 14 ገደማ ነው። ፀሐይን ተከትሎ ከደቡብ እና ከሰሜን የሚመጡት ነፋሳት የሚገናኙበት መቀነት ወደ እኛ ይወጣል። ያኔ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እና ከኮንጎ ደኖች በላይ የሚያልፈው፣ ከሕንድ ውቅያኖስም የሚነሣው እርጥበት የሞላበት አየር የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመናም ዝናብም ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ከሚያዛቡት ዋነኛው በሩቁ የሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ክፍል ላይ የሚከሠተው የሙቀት መለዋወጥ ነው። ውኃው ከልኩ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ኤልኒኖ በክረምት ሲበረታ የሰሜን እና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ላኒና ሲሆን ደግሞ የመጨመር ዝንባሌ አለው። የ1979 እና የ2007 ክረምት የኤልኒኖ ክረምት ነበር። በ1990 ኤልኒኖ አብቅቶ ላኒና የጀመረበት፣ በ2012ም ላኒና እየተጠናከረ የመጣበት ጊዜ ነበር። ሰኔ ሐሙስ የገባበት የ1964 ክረምትም ኤልኒኖ ነበረበት። ውቅያኖሱ የእኛን የሳምንት ቀናት አይቆጥርም።

ይህ ማለት የአባቶችን የዘመን ቆጠራ እንጣል ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ ዘንድሮ ዓርብ ይውላል። እስከ ሐምሌ 18 ያለው ጊዜ የዘር እና የደመና ይባላል። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕር እና የአፍላግ ነው፤ ወንዞች የሚሞሉበት ማለት ነው። ነሐሴ 28 ደግሞ ጎሕ፣ ነግህ እየተባለ የብርሃን ወቅት ይጀምራል። በግብርና ኮሌጅ የተማርሁት የዝናብ ሥርጭት ሰንጠረዥም ሐምሌን እና ነሐሴን የክረምቱ አናት አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ ስያሜ በብዙ ትውልድ ምልከታ የተገነባ ዕውቀት ነው፤ አርሶ አደሩ እርሻውን በሰኔ ሚካኤል፣ ዘሩን በሐምሌ በዓላት ማስታወሱም ከዚሁ የመጣ ነው። የወቅቱ ቆጠራ ሰማይን አይቶ የተሠራ ሲሆን ሰኔ እና ሰኞ ግን የቁጥር መገጣጠም ብቻ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

እንደ እኔ ግምት አባባሉ ሥር የሰደደው ሰኔ ራሱ ከባድ ወር ስለሆነ ነው። ጎተራ የሚጎድለው፣ በሬ በበጋው መኖ እጥረት የሚከሳው፣ የዘር እና የማዳበሪያ ወጪ የሚመጣው በዚህ ወር ነው። ሰኞ ደግሞ ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሥራ የሚጀመርበት ዕለት ነው። ሁለት ከባድ ጅማሬዎች ሲገናኙ ሰው ቢፈራ አያስደንቅም።

ፍርሃቱ ያስከፈለን ዋጋ

በ2012 ዓ.ም ኮሌጃችን በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ቤት ነበርሁ። አባቴ የ2007ን ድርቅ አልረሳም። ሰኔ ሰኞ መግባቱን ሲሰማ፣ በሽታውም ተጨምሮበት፣ ዓመቱ ክፉ እንደሚሆን ተማምኖ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጠ። የማዳበሪያውንም ድርሻ በግማሽ ቀነሰ። እኔም የምለው ቃል አጣሁ።

ዝናቡ ግን በጊዜው መጣ፣ አልተቋረጠምም። በአንድ በሬ የቀረው አባቴ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ ሲጠብቅ እርሻው ዘገየ፤ የታችኛው ማሳ ጦም አደረ። ኅዳር ላይ ጎረቤቶቻችን ሲወቁ የእኛ አውድማ ቶሎ ባዶ ሆነ። የተሸጠውን በሬ ለመተካት ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል፤ ዋጋውም ከተሸጠበት በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ቤታችንን የጎዳው የዝናብ እጥረት ሳይሆን የተሳሳተ ግምት ነበር።

በዚህ ሰኔ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ትንበያን መከታተል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የወር እና የዐሥር ቀናት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች" ብሎ የእያንዳንዱን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። "ከመደበኛ በታች 45 በመቶ" ቢል ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም፤ የማነስ ዕድሉ ከሌሎቹ ሁለት ይበልጣል ማለት ነው። ለአካባቢ የሚሆነውን ትርጉም የቀበሌ የግብርና ባለሙያን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ዝናብ አለመታለል። በአየር ንብረት ባለሙያዎች ዘንድ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ ክረምት ገባ የሚለው በተከታታይ ሦስት ቀናት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ረጅም የድርቀት ጊዜ ካልተፈጠረ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጦ በየጠዋቱ በማስመሪያ መለካት ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛ፣ አደጋን መከፋፈል። ማሳውን ሁሉ በአንድ ቀን እና በአንድ ዝርያ ከመሸፈን ቶሎ የሚደርስ ዝርያን ለከፊሉ ማስቀመጥ ይረዳል። ዝናቡ ቢዘገይ እንኳ ጤፍ በሐምሌ፣ ሽምብራ እና ጓያ ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ በአፈሩ በቀረ እርጥበት ይዘራሉ። በሬ ከተሸጠ ግን ይህ ሁሉ አማራጭ አብሮ ይሸጣል።

የሰኔ ወር ራሱ አንድ የሚያጽናና ታሪክ አለው። በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬ የጨረሰው የከብት በሽታ ከዓለም መጥፋቱን የተባበሩት መንግሥታት የምግብ እና እርሻ ድርጅት ያወጀው ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም ነው። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው አርብቶ አደሩ ዘንድ እስከ አፋር በረሃ የወረዱ ሠራተኞች ለዚህ ድል ድርሻ ነበራቸው። ያን መከራ ያስወገደው ክትባት እና ክትትል ነው።

ለአባቴ ጥያቄ የመለስሁለት ይህን ነው፤ "አዎ አባዬ፣ ሰኔ ሰኞ ይገባል። በሬውን ግን አትሽጠው። በመጀመሪያ የቀበሌውን ባለሙያ ትንበያው ለእኛ ሰፈር ምን እንደሚል ጠይቀው፤ ጣሳውንም ደጅ አስቀምጠው።" ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም "ጣሳው የትኛው ነው፣ የዘይቱ?" ብሎ ጠየቀኝ።