ስልኩ ይሂድ፣ ሰው ይትረፍ

በከተማችን አንድ ሰው ስልኩን ተነጥቆ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው "ለምን አልተጠነቀቅክም?" የሚል ቁጣ ነው። ቀጥሎ "ስንት ብር የገዛኸው ነበር?" ይባላል። "ተጎድተሃል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ቁጣ የፈራ ልጅ ደግሞ የተመታውን ጭንቅላቱን ደብቆ ይተኛል። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የታዘብኩት፣ በንጥቂያ ክፉኛ ከሚጎዱት ብዙዎቹ ዕቃቸውን አልሰጥም ብለው የታገሉ ወይም ሌባውን ያሳደዱ መሆናቸውን ነው።

ቀድሞ መጠንቀቅ

መርካቶ፣ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ሲመጣ ሰው ይጋፋል። አንዱ ከፊት ሲገፋ ሌላው ከኋላ ኪስ ይፈትሻል። ልብስዎ ላይ ምራቅ ወይም ቆሻሻ ጥሎ "ይቅርታ፣ ልጥረግልዎ" የሚል ሰው ካጋጠመዎት፣ ቦርሳዎን አጥብቀው ይዘው ራቅ ይበሉ፤ ልብሱ ቤት ይታጠባል። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ስልክ አያውሩ፤ መኪናው መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም እጅ ከውጭ ይገባል።

በእግር ሲሄዱ ቦርሳዎን ከመኪናው መንገድ በተቃራኒ በኩል ይያዙ። በሞተር ብስክሌት የሚነጥቁ ሰዎች የሚፈልጉት ወደ መንገዱ ያዘነበለውን ነው። የግድ መደወል ካለብዎት ሱቅ ወይም ካፌ ውስጥ ገባ ይበሉ። የታክሲ ሂሳብ ለብቻው በትንሽ ኪስ ይሁን፤ የገንዘብ ቦርሳ ሰው ፊት አይከፈት። ለኪዳን ወይም ለሱብሂ ሰላት ጎህ ሳይቀድ የምትወጡ እናቶችና አባቶች ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተቀጣጥራችሁ አብራችሁ ውጡ።

ከነጠቁዎት

ይልቀቁ። የቦርሳ ማንገቻ እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ፤ ሞተሩ ሲፈተለክ አብሮ ይጎትትዎታል። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ከተሰበረ ለወራት አልጋ ላይ ሊውል ይችላል፤ ዳግም እንደ ቀድሞው የማይራመድም አለ። ሌባውንም ወደ ጨለማ ቅያስ ተከትለው አይግቡ፤ ግብረ አበሮቹ እዚያ ሊጠብቁ ይችላሉ። ሌባው ከተያዘም ለፖሊስ ይሰጥ። በደቦ ዱላ የሰው ሕይወት ይጠፋል፤ ያልሰረቀም ይመታል።

ጉዳት ከደረሰ

ማጅራት መቺዎች አንገቱን ያነቁት ሰው፣ ላይ ላዩን ምንም ባይታይበትም በዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው። በተለይ ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ጊዜ አይሰጥም፤ እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይተው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ለመንቃት ከከበደው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በስለት ለተወጋ ሰው ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ፣ ከሌለም በነጠላ፣ አጥብቆ መጫን ነው። ቡናም ሆነ አፈር አይነስንሱበት። ስለቱ ገላ ውስጥ ከቀረ አይንቀሉት፤ ደሙን ገድቦ ይዞት ሊሆን ስለሚችል የሚያወጣው ሐኪም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

ስልኩ ከሄደ በኋላ

ዛሬ ስልክ ማለት የገንዘብ ቦርሳም ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ከሌላ ስልክ 994 ደውለው ሲም ካርድዎን ያዘጉ፤ ቴሌብርና የባንክ ሒሳብዎንም ሳይዘገዩ ያሳውቁ። የምስጢር ቁጥርዎን ስልኩ ውስጥ ጽፈው አያስቀምጡ። ዛሬውኑ *#06# ብለው ሲጫኑ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልክ መለያ ቁጥር በደብተር ይጻፉ፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ያስፈልጋል። "በርካሽ አገኘሁ" ብለን ደረሰኝ የሌለው ስልክ ስንገዛ ደግሞ ለነጣቂው ገበያ እየከፈትንለት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግም ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ሲጠፋ የዘመድ ቁጥርም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልጆች ቢያንስ አንድ የወላጅ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ፤ አረጋውያን ደግሞ የልጃቸውን ቁጥርና የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ይያዙ። መንገድ ላይ የወደቀን ሰው ያነሳ መንገደኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።