ዓይን የሌለው ጥንዚዛና የስም ነገር

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። ወደ ሞጣ ሲጓዙ በግራ በኩል የጮቄ ተራራ ደመና ለብሶ ይታያል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ምድሩ ቁልቁል እየወረደ ዓባይ በረሃ ይገባል። ላይኛው መሬት ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ሸለቆው ሲወረድ ግን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋይን ውኃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥም ስንጥቁ ሰፍቶ ዋሻ ይሆናል።

በእኛ አገር ዋሻ የሚነሳው በሦስት ምክንያት ነው፤ ባሕታዊ ሲጸልይበት፣ በክፉ ዘመን ሕዝብ ሲሸሸግበት፣ ወይም ልጅ ወደዚያ እንዳይሄድ «ጅብ አለበት» ተብሎ ሲስፈራራበት። ዛሬ አራተኛ ምክንያት ልጨምር፦ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ዓይን የሌላቸው የዋሻ ጥንዚዛዎች።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስለ ጥንዚዛ እንድጽፍ ያደረገኝ የልጅ ጥያቄ ነው። የልጅ ልጄ ከድንጋይ ሥር ያገኘውን ጥቁር ነፍሳት እያሳየ «እማማ፣ የዚህ ስሙ ማን ነው?» አለኝ። «ጥንዚዛ» አልኩት። «እሱማ የሁሉም ስም ነው፤ የእሱስ?» አለ።

እውነቱን ነው። ሳይንስ እስከ ዛሬ ስም የሰጣቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ 40,000 ያህሉ «የመሬት ጥንዚዛ» በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። አብዛኞቹ ቀን ከድንጋይና ከቅጠል ሥር ተደብቀው ይውላሉ፤ ሌሊት ወጥተው ትላትልን፣ እጭንና ቀንድ አውጣን ያድናሉ። ለገበሬ ደመወዝ የማይጠይቁ ዘበኞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጨለማ ውስጥ መኖር

ከዚህ ቤተሰብ አንዳንዶቹ ቅዝቃዜና እርጥበት ፍለጋ ወደ መሬት ስንጥቅ ገቡ፤ ዘራቸው በዚያው ቀረ። ዋሻ ውስጥ ፀሐይ የለም፤ ስለዚህ ተክል አይበቅልም። የሚበላው ጎርፍ ያስገባው ቅጠል፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የሞተ ነፍሳት ነው። ጥንዚዛው ደግሞ በእነዚህ ላይ የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት ያድናል። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በሚገኘው ማሞዝ ዋሻ የሚኖር አንድ የመሬት ጥንዚዛ፣ ፌንጣ መሰል የዋሻ ነፍሳት አሸዋ ውስጥ የቀበሩትን እንቁላል እየቆፈረ በማውጣት ይተዳደራል።

በእንዲህ ያለ ቦታ ዓይን አይጠቅምም። በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ዓይናቸው እየደከመ ጠፋ፤ ጥቁር የነበረው ገላቸው ሳስቶ እንደ ማር ቀላ፤ የሚበሩበት ክንፍም ቀረ። በምትኩ እግራቸውና በራሳቸው ላይ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎች ረዘሙ፤ የአየርን ትንሽ ንቅናቄ የሚለዩ ረጃጅም ፀጉሮችም አወጡ። ምግብ ስለሚያጥራቸው ወልደው የሚበትኑ አይደሉም፤ ጥቂትና ትልልቅ እንቁላል ይጥላሉ።

ክንፍ የሌለውና ከዋሻ መውጣት የማይችል ፍጥረት ጎረቤት አገር አይሻገርም። አንድ ዝርያ በአንድ ዋሻ ወይም በጥቂት ተቀራራቢ ዋሻዎች ብቻ ተወስኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ያ ዋሻ ከተበላሸ ዝርያው ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

መብራት ለኳሹ ያገኘው

ታሪኩ የሚጀምረው ከምሁር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1831 በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ በፖስቶይና ዋሻ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሉካ ቼች የሚባል ሠራተኛ ቀጭን አንገት ያለው እንግዳ ጥንዚዛ አገኘ። ጥንዚዛው እጅ በእጅ አልፎ ፈርዲናንድ ሽሚት ከሚባል የነፍሳት አጥኚ ዘንድ ደረሰ፤ እሱም በማግስቱ ዓመት፣ በ1832፣ ገለጻውን ጽፎ ስም ሰጠው። በሳይንስ የታወቀው የመጀመሪያው የዋሻ ጥንዚዛ ይህ ነው። የመሬት ጥንዚዛዎች ቤተሰብ አባል አልነበረም፤ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ዋሻን በሌላ ዓይን መፈተሽ ጀመረ። ዓይን አልባ የመሬት ጥንዚዛ ስም ያገኘው በ1844 ነው። ስያሜውን ያወጣው ጀርመናዊው ያኮብ ሽቱርም ሲሆን፣ ጥንዚዛውንም በዚያው በሽሚት ስም ጠራው።

ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስፔናዊው ቪሴንቴ ኦርቱኞና ፖርቱጋላዊቷ አና ሶፊያ ሬቦሌይራ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በአብካዚያ ከሚገኘውና ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ከሚወርደው ክሩቤራ ዋሻ የተገኘን አዲስ የመሬት ጥንዚዛ ገልጸው አሳትመዋል። የኦርቱኞን ስም ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እናገኘዋለን።

አንድ ዝርያ እንዴት ስም ያገኛል?

ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መግለጽ ሌላ። አጥኚው በመጀመሪያ ጥንዚዛውን በአልኮል ያስቀምጣል፤ የተገኘበትን ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀንና የሰብሳቢውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፎ ያያይዝበታል። ይህች ወረቀት ከሌለች ናሙናው ዋጋ የለውም፤ በሐኪም ቤት ስም ያልተጻፈበት የደም ብልቃጥ እንደማለት ነው።

ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ይለካል፤ የፀጉሮቹ ቁጥርና ቦታ፣ የአንገቱ ስፋት፣ የጀርባው መስመሮች ይመዘገባሉ። ከውጭ ሲታዩ መንትያ የሚመስሉ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው፤ እሱን በመርፌ ጫፍ ማውጣት የተረጋጋ እጅ ይጠይቃል። ዛሬ የዘረመል ምርመራም ይታከላል።

ቀጥሎ ማመሳከር ነው። ቀደም ሲል የተገለጹ ዘመዶቹ በየሙዚየሙ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን ሳይታይ «አዲስ ነው» ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው አንድ ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ ስም እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት የሚያልፉት። በመጨረሻ አጥኚው ከናሙናዎቹ አንዱን ይመርጥና «የዚህ ስም ባለቤት ይህ ነው» ብሎ በሙዚየም ያስቀምጠዋል። ወደፊት ክርክር ቢነሳ ዳኛው ያ አንድ ጥንዚዛ ነው። ስሙም ሁለት ቃል ይሆናል፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። ይህ የስያሜ ሥርዓት ለእንስሳት የሚቆጠረው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። ሊኒየስም እንደ ሙያው ሐኪም ነበር።

ወደ እኛ ተራሮች

ከዋሻ ጥንዚዛ አጥኚዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔልም ሕክምና የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 እና 1912 የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮችና ዋሻዎች ዞሯል፤ በ1932 እና 1933 ደግሞ ወደ ኦሞ ሸለቆ በተላከው የሳይንስ ጉዞ አገራችን መጥቷል። ከእሱ ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1926 እና 1927 በኢትዮጵያ ነፍሳት ሰብስቧል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ወደ ሰሜን ተራሮች ተመልሷል።

ከእነዚህና ከተከታዮቻቸው ሥራ አንድ አስደናቂ ነገር ታወቀ። በከፍተኛ ተራሮቻችን ላይ፣ በጅብራና በአስታ ሥር፣ በእርጥብ ድንጋይ ውስጥ፣ ትሬከስ የሚባል ወገን ጥቃቅን የመሬት ጥንዚዛዎች ይኖራሉ። በአውሮፓ ዋሻዎች ውስጥ ዓይናቸውን ያጡት ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ የእነዚህ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የእኛዎቹ ዓይን አላቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ክንፍ የላቸውም። ብርድ ለምደው የሚኖሩ ስለሆኑ ቆላውን አቋርጠው ወደ ሌላ ተራራ አይሄዱም። ስለዚህ ለእነሱ ተራራው ራሱ እንደ ዋሻ ነው፤ ቆላው ደግሞ ግድግዳው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች አንድ አዲስ ትሬከስ ተገልጾ ታተመ። ስሙም ትሬከስ አምሃሪከስ ተባለ። ከሁለቱ ገላጮች አንዱ በኋላ የክሩቤራን ጥንዚዛ የገለጸው ያው ኦርቱኞ ነው፤ ሁለተኛው ፍራንሲስኮ ኖቮዋ ይባላል። ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በጋራ ሆነው የእነዚህን ጥንዚዛዎች ዝምድና በዘረመል አጥንተዋል።

ስም መለየት ሕይወት ያድናል

«ታዲያ ለጥንዚዛ ስም ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚል አያት ይኖራል። በሙያዬ በኩል ልመልስ።

ለረጅም ጊዜ «የአፍሪካ የወባ ትንኝ» ተብሎ በአንድ ስም ሲጠራ የነበረው በእርግጥ በዓይን የማይለዩ የብዙ ዝርያዎች ስብስብ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የሚያስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ከዚያው ስብስብ አንድ በኢትዮጵያ የሚገኝ ዝርያ ተለይቶ አኖፌለስ አምሃሪከስ የሚል ስም ወጣለት፤ ይህኛው በአብዛኛው ከብት የሚነክስና በወባ የማይታማ ነው። በ2016 ደግሞ ከእስያ የመጣው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፤ ይህ በከተማ በርሜልና ታንከር ውኃ ውስጥ የሚራባ ነው። ሦስቱም «ትንኝ» ናቸው። ለአንዱ አጎበር ይዘረጋል፤ ለሌላው በርሜል መክደን ይጨመራል፤ ሦስተኛው ምንም አላደረገንም። ይህን የነገረን ያው በማይክሮስኮፕና በዘረመል ዝርያ የመለየት ሙያ ነው። ሙያው ጥንዚዛ ላይ ቢሠለጥን ለትንኝም ይውላል።

ስም ደግሞ ሸክምም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ኦስካር ሻይበል የተባለ ሰው አንድን የስሎቬኒያ ዓይነ ስውር የዋሻ ጥንዚዛ በሂትለር ስም ጠራው። በደንቡ መሠረት በሥርዓቱ የወጣ ስም ስለተጠላ ብቻ አይሰረዝም። ዛሬ የሂትለርን ማስታወሻ የሚያሳድዱ ሰዎች ጥንዚዛውን በውድ ይገዙታል፤ በዚህም ምክንያት በዋሻው ውስጥ ሕልውናው አደጋ ላይ ወድቋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ ይህ ምስኪን ግን ዓይቶት በማያውቀው ሰው ስም ወደ መቃብር እየተገፋ ነው።

ለወላጆችና ለአያቶች

ልጆች ወደ ዋሻ ብቻቸውን አይግቡ። የማስፈራሪያው ጅብ ሳይሆን እውነተኛው ምክንያት ይነገራቸው። የደረቀ የሌሊት ወፍ ኩስ ሲረገጥ በሚነሳው አቧራ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም የፈንገስ ዘር ሊኖር ይችላል። በዋሻና በገደል ስንጥቅ የምትጠለለው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ከሽኮኮ ወደ ሰው ቁንጭርን ታስተላልፋለች፤ በሥራ ዘመኔ ፊታቸው ላይ በቁንጭር ጠባሳ የቀረባቸው ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ከትልቅ ሰው ጋር የሚገቡም እሳት አያንድዱ፣ ቆሻሻ አይጣሉ፣ ድንጋይ ካነሱ ወደ ቦታው ይመልሱ። ከድንጋዩ ሥር ያለው ነዋሪ ሌላ ቤት ላይኖረው ይችላል።

ነገር ግን ጥንዚዛ ለማየት ዋሻ አያስፈልግም። በክረምት ማታ በጓሮ አንድ ባዶ ጣሳ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩ። ዝናብ እንዳይገባ በትንንሽ ጠጠር ከፍ አድርጋችሁ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑት። ጠዋት ሌሊት ሲሮጡ ገብተው የወደቁትን ታገኛላችሁ። ልጁ ይሣላቸው፣ እግራቸውን ይቁጠር፣ ቦታውንና ቀኑን በደብተሩ ይጻፍ፤ ከዚያም ይልቀቃቸው። አንዳንድ ጥንዚዛ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ስላለው በገላ ላይ አይጨፍልቁት፤ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ደግሞ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የሚገኘውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አሳዩዋቸው። ከአገር ውጭ ናሙና መላክ ግን ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው፤ የአገሪቱ የዘረመል ሀብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ስሙን የማያውቁት ፍጥረትም ቢጠፋ አይቆጭም። በጮቄ ላይ እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጅብራው ይመነጠራል፤ ከሥሩ የሚኖረው ክንፍ የሌለው ጥንዚዛም የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ከጮቄ የሚነሱት ወንዞች ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ሕዝብ አጠጥተው ዓባይ የሚገቡት ከዚያው እርጥብ መሬት ነው። ለጥንዚዛው የሚያስፈልገው እርጥበትና ለልጆቻችን የሚያስፈልገው ውኃ አንድ ነው። ልጁ «የእሱስ ስም ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ታግሰን አብረነው ብንፈልግ፣ ያንን መሬት የሚጠብቅ ሰው እያሳደግን ነው።